ስለ ታማኝ ወዳጅ

ወዳጅ የሚታወቀው በጥጋብ ቀን ሳይሆን በችግር ቀን ነው። ስለዚህ መምህር ለተማሪዎቹ ወዳጅነትን ሊያስተምር ሲነሣ፥ የሳኦልን ልጅ የዮናታንን ታሪክ አስቀድሞ ያንብብላቸው። ታሪኩም ከመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 ጀምሮ ይገኛል።

ዮናታን የንጉሥ ልጅ፥ ዳዊት ግን የበግ እረኛ ነበረ። ሆኖም ዮናታን ከእርሱ ጋር ቃል ኪዳን አደረገ፤ የለበሰውን ካባ አውልቆ ከሰይፉ፥ ከቀስቱና ከመታጠቂያው ጋር ሰጠው። መንግሥቱም ለዳዊት እንደሚሆን ባወቀ ጊዜ አልቀናበትም። ሳኦል ዳዊትን ሊገድል ሲፈልግ ዮናታን የዳዊት በደል ምን እንደ ሆነ አባቱን ጠየቀ፤ ሳኦልም በገዛ ልጁ ላይ ጦር ወረወረ። ዮናታን ግን በፍላጻ ምልክት ወዳጁን አስመለጠ፤ በዚፍ ምድረ በዳ ተሰዶ ሳለም ሄዶ አጽናናው።

በዚህ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ዮናታን ወዳጁን አሳልፎ አልሰጠም፤ አባቱንም አልካደም፤ በጊልቦዓ ተራራ ከአባቱ ጋር ሞተ እንጂ። የተወውም አባቱን ሳይሆን የአባቱን ክፉ ምክር ነው። ዳዊትም በነገሠ ጊዜ ኪዳኑን አልረሳም፤ እግሩ ሽባ የሆነውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን ፈልጎ የአያቱን ርስት መለሰለት፤ ከገበታውም አቀረበው።

በአገራችንም የዮናታንን ካባ የሚያሳስብ ማዕርግ ነበረ። ሊቀ መኳስ የሚባለው ሹም በጦርነት ቀን እንደ ንጉሡ ለብሶ ይሰለፍ ነበር፤ ይኸውም የጠላት ጦር ንጉሡን ስቶ በእርሱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ከእንግሊዝ አገር የመጣው ዮሐንስ ቤል በዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ይህን ማዕርግ ይዞ፥ ከመቅደላ ጦርነት ሰባት ዓመት ያህል አስቀድሞ ስለ ንጉሡ ሲዋጋ ወደቀ። በ1860 ዓ. ም. ንጉሡ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ሲሄዱ፥ ከሠራዊታቸው ብዙው ከድቶ ነበር። ፊታውራሪ ገብርዬ ግን አልተለዩም፤ ሚያዝያ 3 ቀን በአሮጌ ሜዳ ጦሩን እየመሩ ሞቱ። የንፋስ መውጫ ልጆችም ያ ጉዞ በአገራቸው እንዳለፈ ቢነገራቸው፥ ታሪኩን የራሳቸው አድርገው ይይዙታል።

በመንደር ወዳጅነት እጅግ የሚፈተነው በደም ጊዜ ነው። ዘመድ ደም ሊመልስ ሲማከር፥ አብሮ ያደገ ባልንጀራው የሚገደልበት ልጅ በሁለት እሳት መካከል ይቆማል። ዝም ቢል ወዳጁን ገደለ፤ ወገኑን በጠላትነት ቢለይ ቤቱን አፈረሰ። የዮናታን መንገድ ግን ሦስተኛ ናት፤ ወዳጅን አስጠንቅቆ ማሸሽ፥ ዘመድን ፊት ለፊት መምከር፥ ነገሩንም ፈጥኖ ወደ ሽማግሎች ማድረስ። ሽማግሎችም እንዲህ ያለውን ልጅ ከሐዲ ብለው ከሚነቅፉት ይልቅ፥ የሁለት ቤት ጠባቂ ብለው ሊያከብሩት ይገባል።

የወዳጁን ስርቆት የሚሰውር ግን ታማኝ አይባልም፤ ወዳጁን ወደ ገደል የሚሸኝ ነውና። እውነተኛ ወዳጅ ለብቻው ጠርቶ ይገሥጻል፤ በአደባባይ ግን አያዋርድም።

ጥያቄ። 1ኛ፥ ዮናታን ለዳዊት ምን ሰጠው? 2ኛ፥ አባቱን ሳይክድ ወዳጁን እንዴት አዳነ? 3ኛ፥ ዳዊት ኪዳኑን ለማን ፈጸመ? 4ኛ፥ ሊቀ መኳስ እንደ ንጉሡ የሚለብሰው ስለ ምንድን ነው?