ሊንክ እንደ ዋስ፦ የፍለጋ ሞተር የአንድን ገጽ ክብደት እንዴት ይለካል?

የቤት ሥራ ሲሰጠን አብዛኞቻችን ስልካችንን አውጥተን ጉግል ላይ እንፈልጋለን። ከሚመጣው ብዙ መልስ ውስጥ ሁለት ሦስቱን አይተን እንዘጋዋለን። ነገ ተማሪዎቻችንም ይህንኑ ያደርጋሉ። ታዲያ አንዱን ገጽ ከላይ፣ ሌላውን ከታች ያደረገው ምንድን ነው? በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ይህንን ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ችግሩ ምን ነበር?

በ1990ዎቹ አጋማሽ የነበሩት የፍለጋ ሞተሮች በአብዛኛው የሚመለከቱት በገጹ ላይ የተጻፉትን ቃላት ነበር። አንድ ሰው «ወባ» ብሎ ቢፈልግ ይህ ቃል ደጋግሞ የሚገኝበት ገጽ ወደ ላይ ይወጣል። የገጹ ባለቤት ቃሉን መቶ ጊዜ ቢደጋግመውስ ማን ይከለክለዋል? ስለዚህ ማጭበርበር ቀላል ነበር።

2. የተገኘው መፍትሔ

በ1996 በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪዎች የነበሩት ላሪ ፔጅና ሰርጌ ብሪን ሌላ መንገድ ያዙ። ገጹ ስለ ራሱ ከሚለው በተጨማሪ ሌሎች ገጾች የሚሰጡትን ምስክርነት መቁጠር ጀመሩ። ምስክርነቱም ሊንክ ነው፤ ማለትም ሲነኩት ወደ ሌላ ገጽ የሚወስድ ጽሑፍ። ሐሳቡ ቀደም ያለ መሠረት አለው። ዩጂን ጋርፊልድ በ1964 የትኛው የሳይንስ ጽሑፍ የትኛውን እንደጠቀሰ የሚያሳይ ማውጫ አውጥቶ ነበር። የፔጅና የብሪን ስሌት «ፔጅራንክ» ተባለ። በ1998 ጉግል ኩባንያ ሆኖ ተቋቋመ።

ነገሩን በዋስ እናስረዳው። ዋስ ሁሉ እኩል አይደለም። አንደኛ፣ የታወቀ ሰው ዋስ ሲሆን ክብደት አለው። ሁለተኛ፣ ለመቶ ሰው ዋስ የሆነ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ ዋስ ከሆነው ያነሰ ይታመናል። ፔጅራንክም እንደዚሁ ነው፦ እያንዳንዱ ገጽ ያለውን ነጥብ ሊንክ ለሰጣቸው ገጾች እኩል ያካፍላል።

3. ምሳሌ

ሀ፣ ለ እና ሐ የሚባሉ ሦስት ገጾች አሉ እንበል። ሀ ለ«ለ»ም ለ«ሐ»ም ሊንክ ይሰጣል። ለ ለ«ሐ» ብቻ፣ ሐ ደግሞ ለ«ሀ» ብቻ ይሰጣል። ሲጀመር ለእያንዳንዳቸው 30 ነጥብ እንስጥ።

በመጀመሪያው ዙር ሀ 30ውን ለሁለት ከፍሎ 15፣ 15 ያድላል። ስለዚህ ለ 15 ያገኛል፤ ሐ 15 ከ«ሀ»፣ 30 ከ«ለ»፣ በድምሩ 45 ያገኛል፤ ሀ ደግሞ ከ«ሐ» 30 ያገኛል። ይህንን ደጋግመን ስንሠራ ነጥቡ ሀ 36፣ ለ 18፣ ሐ 36 ላይ ይረጋል።

አሁን ልብ በሉ! ሀ እና ለ ያገኙት ሊንክ አንድ አንድ ነው፤ ነጥባቸው ግን እጥፍ ይለያያል። ምክንያቱም «ሀ»ን የጠቆመው ሐ ያለውን በሙሉ ሰጥቶታል፤ «ለ»ን የጠቆመው ሀ ግን ግማሹን ብቻ ነው የሰጠው። እንግዲህ የሊንክ ብዛት ብቻውን አይበቃም ማለት ነው።

4. ነጥቡ አንድ ቦታ እንዳይታሰር

ሁለት ገጾች እርስ በርስ ብቻ ቢጠቋቆሙስ? ወደ እነሱ የገባው ነጥብ አይወጣም። ለዚህም ፔጅና ብሪን ሊንክ እየነካ የሚዘዋወር አንድ አንባቢ አሰቡ። ይህ አንባቢ 85 ከመቶ በሊንክ ይሄዳል፤ 15 ከመቶ ሰልችቶት ወደማንኛውም ገጽ ዘሎ ይሄዳል። የአንድ ገጽ ክብደት አንባቢው እዚያ የመገኘቱ ዕድል ነው።

5. ጉድለቱስ?

ሊንክ ዋጋ እንዳለው ሲታወቅ የሚሸጡትና የሚለዋወጡት ሰዎች ተነሡ፤ የሐሰት ዋስ እንደማቆም ነው። በ2005 ጉግል ከሌሎች ጋር ሆኖ «ይህንን ሊንክ አትቁጠሩልኝ» የሚል ምልክት አስተዋወቀ። ዛሬ ሊንክ ከብዙ መለኪያዎች አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ዋናው ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ስሌቱ የሚለካው መጠቆምን ነው፤ እውነትን አይመረምርም። ስህተት የያዘ ገጽም ብዙ ሰው ከጠቆመው ክብደት ያገኛል። በሌላ በኩል አንድ መምህር በአማርኛ ያዘጋጀው ጥሩ ትምህርት ማንም ካልጠቆመው ከታች ይቀራል።

6. ከእኛ ምን ይጠበቃል?

ተማሪ «መጀመሪያ ላይ የመጣው ይሄ ነው» ብሎ ሲያመጣልን «ማን ጻፈው? መቼ? ሌላ ቦታስ ምን ይላል?» ብለን እንጠይቀው። እኛም ጥሩ የአማርኛ ገጽ ስናገኝ በምንጽፍበት ቦታ ሊንኩን እናስቀምጥ፤ ያነበብነውን ጽሑፍ ካላመንንበት ግን ዋስ አንሁነው።

ለአንባቢያን የቀረበ ጥያቄ፦ በምሳሌያችን ሐ ለ«ለ»ም ሊንክ ቢሰጥ 90ው ነጥብ እንዴት ይከፋፈላል? (መልስ፦ ሀ 20፣ ለ 30፣ ሐ 40። ሠርታችሁ አረጋግጡ።)