ደካማ ጫጩት፦ ሙቀት ከምግብ ይቀድማል

የመርካቶ ዶሮ ተራ ሲነሣ በአንባቢያን ሐሳብ የሚመጣው ለበዓል የደረሰ ዶሮ ነው። ዳሩ ግን ማንኛውም ዶሮ ለገበያ ከመብቃቱ በፊት እጅግ አስጊ የሆነውን የመጀመሪያ ሳምንት ማለፍ ይኖርበታል። ከቢሾፍቱ የአንድ ቀን ጫጩቶች አምጥቶ በአዲስ ከተማ ግቢው የሚያሳድግ ቤተሰብ፣ አንዱ ጫጩት ዓይኑን ጨፍኖና ክንፉን ጥሎ ቢያገኘው ምን ማድረግ አለበት? መልሱን ከነምክንያቱ እንመለከታለን።

ብዙዎች ፈጥነው ምግብ ያቀርባሉ። ይሁን እንጂ ጫጩት ከመፈልፈሉ ጥቂት ቀደም ብሎ የተረፈውን አስኳል ወደ ሆዱ ያስገባል፤ ይህም ስንቅ ሁለት ሦስት ቀን ያቆየዋል። የአንድ ቀን ጫጩት ሳይመገብ ከከተማ ወደ ከተማ ሊጓጓዝ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው። ለብርድ ግን እንዲህ ያለ መከላከያ የለውም።

ነገሩን በሒሳብ እንመርምረው። ጫጩቱ 40 ግራም፣ ዶሮዋ 1,500 ግራም ይመዝናሉ እንበል። ቅርጻቸው ተመሳሳይ ቢሆን፣ ለእያንዳንዱ ግራም የሚደርሰው የገላ ስፋት የሚለያየው በክብደታቸው ጥምርታ ሣልስ ዘር ነው። 1,500 ለ40 ሲካፈል 37.5 ይሆናል፤ ሣልስ ዘሩም 3.3 ያህል ነው። ስለዚህ ጫጩቱ በእያንዳንዱ ግራም ከሦስት እጥፍ በላይ ሙቀት የሚያስወጣ ገላ አለው። ላባም ገና አላበቀለም። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጠው የአዲስ አበባ ከፍታ ደግሞ የኅዳር ሌሊት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይወርዳል። የበረደው ጫጩት ያጎረሱትን መፍጨት ይሳነዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ የሚከተለው ነው።

1. ሙቀት፦ በካርቶን አንድ ጎን ክር ያለው አምፖል ካርቶኑን ሳይነካ ይሰቀል፤ ኃይል ቆጣቢው አምፖል በቂ ሙቀት አይሰጥም። በጫጩቱ ቁመት ልክ ሙቀቱ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይሁን። ጫጩቶች አምፖሉ ሥር ተጠጋግተው ከጮኹ በርዷቸዋል፤ ርቀው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። መብራት ሲጠፋ ሙቅ ውሃ የተሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ። በተዘጋ ክፍል ከሰል ማንደድ ግን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል።

2. ውሃ፦ ጫጩቱ ሲነቃ የመንቆሩ ጫፍ ለብ ባለ ውሃ ይነከር። በጉሮሮው ማንቆርቆር ውሃውን ወደ ሳንባው ሊያስገባ ይችላል። ለመጀመሪያው ቀን በአንድ ሊትር ውሃ 50 ግራም ስኳር መበጥበጥ ይጠቅማል።

3. ምግብ፦ ከጠጣ በኋላ የደቀቀ የጫጩት መኖ ይቀርብለት። ጠንካሮቹ እንዳይረግጡት ለብቻው ይከለል፤ ሆኖም ድምፃቸውን ይስማ።

4. ወለል፦ የሚያንሸራትት ጋዜጣ እግሩን ያንሻፍፋል። በምትኩ ጆንያ ይነጠፍ። ኩስ ፊንጢጣውን ከደፈነው በለብ ያለ ውሃ ታጥቦ ይድረቅ።

እምብርቱ ቀልቶ የሚሸት ጫጩት ብዙውን ጊዜ አስኳሉ በባክቴሪያ ተበክሏልና አይድንም፤ ከሌሎቹ ተለይቶ ለእንስሳት ሐኪም ይታይ። ሳልሞኔላ ከጫጩት ወደ ሰው ስለሚተላለፍም የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ብርድና ጥማት ያደከሙት ጫጩት ግን ሙቀቱ በጊዜ ከደረሰለት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ቆሞ ሊራመድ ይችላል።