«ትልቅ መኪና ነው» ማለት አይበቃም፦ ቴንደር ለሚነዱ ልጆቻችን የፍሬንና የጎማ ትምህርት

በግንባታ፣ በዕቃ ማጓጓዝና በአትክልት ሥራ ከተሰማሩት ልጆቻችን ብዙዎቹ የአሠሪያቸውን ቴንደር ይነዳሉ። ወላጅ ልጁ ጎህ ሲቀድ ሲወጣ መኪናውን አይቶ «ትልቅ መኪና ነው፣ ምንም አይሆንም» ብሎ ይጽናናል። ዛሬ ይህን አባባል እንመርምረው። ትልቅ መኪና ብዙ ይሸከማል፤ ብዙ የተሸከመን መኪና ግን ማቆም ከባድ ነው። ፍሬኑ መንኮራኩሩን ይይዛል፣ ጎማው ደግሞ መንገዱን ይይዛል። ከሁለቱ አንዱ ከደከመ የመኪናው ጥንካሬ አይጠቅምም።

ክብደት

በመኪናው ፈቃድ ላይ በዕብራይስጥ «ሚሽካል ኮሌል» የሚል ቁጥር አለ። ይህ መኪናው ከነጭነቱና ከነሰዎቹ ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ለምሳሌ ጠቅላላው 3,500 ኪሎ የሆነና ባዶውን 2,300 ኪሎ የሚመዝን ቴንደር የቀረው 1,200 ኪሎ ብቻ ነው። እያንዳንዱ 25 ኪሎ የሆነ 40 ከረጢት ሲሚንቶ 1,000 ኪሎ ይሆናል። ሦስት ሠራተኞች ከነመሣሪያቸው ሲጨመሩ ቦታው ሞላ። ተራው የመኪና መንጃ ፈቃድ (ደረጃ «ቢ») የሚያገለግለውም እስከ 3,500 ኪሎ ድረስ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሆነ ቴንደር ሌላ ደረጃ ያስፈልጋል።

ፍጥነትም አለ። ከ50 ወደ 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲወጣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ኃይል በእጥፍ ሳይሆን በአራት እጥፍ ያድጋል።

ሙቀት

ፍሬን መኪናውን የሚያቆመው በፍትጊያ ስለሆነ ይግላል። ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር የሚወስደው መንገድ ከ1,200 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ጭነት ይዞ ይህን ሁሉ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሾፌር የፍሬኑን ሸራ ያግላል፣ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ከፈላ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ እርጥበት የገባበት ዘይት ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ስለዚህ ብዙ አምራቾች በየሁለት ዓመቱ ገደማ እንዲቀየር ያዝዛሉ።

ከጎንደር የመጡ አባቶች ሊማሊሞን ያስታውሳሉ። አዋቂ ሾፌር ገና ከላይ ማርሹን ቀንሶ፣ በሞተሩ እየያዘ ነበር የሚወርደው። ያ ጥበብ እዚህም ይሠራል። በአውቶማቲክ መኪናም ዝቅተኛ ማርሽ መምረጥ ይቻላል።

ዕድሜና ነፋስ

ጎማን የሚጎዳው ነፋስ ማነስ፣ ጭነት መብዛትና ሙቀት ሲገናኙ ነው። ነፋስ ያነሰው ጎማ በየዙሩ ስለሚታጠፍ ከውስጥ ይግላል፣ ንጣፉም ሊላቀቅ ይችላል። በ2000 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአሜሪካ የፋየርስቶን ኩባንያ 6.5 ሚሊዮን ጎማዎች ከገበያና ከመንገድ እንዲሰበሰቡ ያደረገው ንጣፋቸው እየተላቀቀ ብዙ ሰው ስለሞተ ነበር።

የጎማውን ዕድሜ ማወቅ ቀላል ነው። በጎኑ ላይ «ዲ-ኦ-ቲ» ከሚሉት ፊደላት በኋላ በመጨረሻ አራት ቁጥሮች አሉ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ብዙ አምራቾች ከአሥር ዓመት በላይ እንዳይነዳ ይመክራሉ። በጥርሱ መካከል ትንንሽ ጉብታዎች አሉ፤ ጥርሱ ተበልቶ ከእነሱ ጋር ሲስተካከል 1.6 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶታልና መቀየር አለበት። የነፋሱ ልክ በሾፌሩ በር አጠገብ ተጽፏል፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ነው። ስኮርታውም አብሮ ይታይ።

ከመነሳት በፊት አምስት ደቂቃ

ልጃችሁ ጠዋት መኪናውን ዞሮ ይመልከት፦ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ወይም ነፋሱ የወረደ ጎማ አለ? ከሥር የፈሰሰ ዘይት አለ? በዝግታ ተንቀሳቅሶ ፍሬኑን ይሞክር። ፔዳሉ ከለሰለሰ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ ወይም ብረት ከብረት ሲፋቅ ከተሰማ መኪናው ወደ ሥራ ሳይሆን ወደ ጋራዥ ይሂድ። ዓመታዊውን ቴስት ማለፉ ለዛሬ ዋስትና አይሆንም፤ ቴስቱ የሚያሳየው በዚያ ቀን የነበረውን ነው።

ለአሠሪው ምን ይባል?

ወጣት ሠራተኛ ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ዝም ሊል ይችላል። ነገር ግን ፖሊስ ሲያቆመው «መኪናው የእኔ አይደለም» ማለት ብቻውን አያድነውም፤ ሾፌሩም ይጠየቃል። ስለዚህ ጉድለቱን ፎቶ አንስቶ በስልክ መልእክት ለአሠሪው ይላክ፣ መልእክቱንም ያስቀምጥ። ብዙ መኪና ባለው ድርጅት «ክጺን ብጢሑት» የሚባል የደኅንነት ኃላፊ ካለ ለእርሱም ያሳውቅ። በትሕትና «ይህ እስኪጠገን ሌላ መኪና ስጡኝ» ማለት ስንፍና አይደለም።

እኛ ወላጆች መካኒክ መሆን አያስፈልገንም። ዓርብ ማታ በሰንበት ማዕድ ላይ ሦስት ጥያቄ እንጠይቅ፦ ጎማው የስንት ዓመት ነው? የፍሬን ዘይቱ መቼ ተቀየረ? ስንት ኪሎ ትጭናለህ? ልጁ መልሱን ካላወቀ እሑድ ጠዋት፣ ሞተሩን ሳያስነሳ፣ ያጣራ።