ድጋፉ ሲቀነስ ምን እናድርግ?



በጋምቤላ ከተማ ለድኻ ቤተሰብ የሚሰጥ የመንግሥት ድጋፍ ይጀመራል፤ ይቀነሳል፤ በመጨረሻም ያበቃል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ መነጋገር የምንጀምረው ድጋፉ ካበቃ በኋላ፣ እናቲቱ ባዶ ከረጢት ይዛ በር ላይ ስትቆም ነው። ስለዚህ በዚህ ጥናት ሁለት ዓይነት ቅናሾችን ለይተን እንመለከታለን። አንደኛው አስቀድሞ የታወቀ ቅናሽ ነው፤ ሁለተኛው በድንገት የሚመጣ ነው። ሁለቱ የማይመሳሰሉ እንደ መሆናቸው፣ የእኛም ዝግጅት አንድ ዓይነት ሊሆን አይገባውም።

1. አስቀድሞ የታወቀ ቅናሽ

የገጠሩ የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የጋምቤላ ክልል አልተካተተበትም ነበር። የከተማው ፕሮግራም ግን በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች ሲጀመር፣ ጋምቤላ ከተማ ከአሶሳ፣ ከጅግጅጋ፣ ከሰመራ ሎጊያና ከሌሎቹ ጋር አብራ ተቆጠረች። ለዚሁ ሥራ የዓለም ባንክ 300 ሚሊዮን ዶላር፣ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ 150 ሚሊዮን ዶላር መደቡ። በ2013 ዓ.ም. የጸደቀው ሁለተኛው ምዕራፍ የከተሞቹን ቁጥር ወደ 83 ከፍ ለማድረግ የታቀደ ነበር።

የመጀመሪያው ምዕራፍ አሠራር እንደሚከተለው ነበር። መሥራት የሚችል ሰው በአካባቢ ልማት፣ ይኸውም በጽዳት፣ በውኃ መውረጃ ቦይ፣ በችግኝ ተከላና በመሳሰለው ሥራ ተሰማርቶ ይከፈለው ነበር። በመጀመሪያው ዓመት አንድ ሰው 60 ቀን፣ በሁለተኛው 40 ቀን፣ በሦስተኛው 20 ቀን ይሠራል። ከአንድ ቤተሰብ ሊመዘገቡ የሚችሉት ቢበዛ 4 ሰዎች ናቸው። መሥራት የማይችሉት አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና በጽኑ የታመሙት ግን ያለ ሥራ ቀጥታ ድጋፍ ያገኙ ነበር።

እስቲ ይህን በአንድ ቤተሰብ ላይ እናስላው። አንዲት እናት ለሥራ ከደረሱ 3 ልጆችዋ ጋር ብትመዘገብ፣ በመጀመሪያው ዓመት 240 የሥራ ቀን አላቸው። በሁለተኛው 160፣ በሦስተኛው 80 ብቻ ይቀራቸዋል። የቤቱ አፍ ቁጥር ግን አልቀነሰም። የበቆሎው ዋጋም ለእነርሱ ብሎ አይወርድም።

ይህ ቅናሽ የተደረገው በጭካኔ አይደለም። ቤተሰቡ በዚያው ጊዜ ከሚያገኘው ክፍያ 20 በመቶ በባንክ እንዲቆጥብ፣ እንዲሠለጥን፣ የሥራ ዕቅድ እንዲያወጣና ለአንድ አባሉ በሚሰጥ መቋቋሚያ ገንዘብ የራሱን ሥራ እንዲጀምር ታስቦ ነው። እንግዲህ አሳቡ በጎ ሆኖ ሳለ፣ በመካከል የሚያሰናክለው ምንድን ነው? አንዱ መሰናክል ቤተሰቡ የቅናሹን ቀን አለማወቁ ነው። ሌላው ደግሞ ሕመም ወይም ሐዘን ሲደርስ የተቆጠበው ገንዘብ መበላቱ ነው። ለንግድ የታሰበው ብር ለመድኃኒትና ለተዝካር ከዋለ፣ ሦስተኛው ዓመት ሲያልቅ ቤተሰቡ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ልጆቹም ከትምህርት ቤት ወጥተው ወደ ቀን ሥራ ይሄዳሉ።

በባሮ ዳርቻ የሚያርሱ ወገኖቻችን ይህን ነገር ከማናችንም በላይ ያውቁታል። ወንዙ ሞልቶ ሲጎድል፣ ውኃው በሸሸበት እርጥብ መሬት ላይ በቆሎ ይዘራሉ። መሬቱ ከደረቀ በኋላ ዘር ይዞ የሚመጣ ግን የሚያጭደው አይኖረውም። ከ60 ወደ 40፣ ከ40 ወደ 20 የሚወርደውም ቀን እንደዚሁ ነው፤ የመዝሪያው ወራት ቅናሹ ገና ሳይጨርስ ነው።

ስለዚህ ማኅበረ ምእመናን የሚከተሉትን ሊያደርጉ ይችላሉ።

ሀ. በየዙሩ መመሪያው ሊለወጥ ስለሚችል፣ ሁለት ታማኝ ሰዎች ወደ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄደው የዚያን ዙር የሥራ ቀን፣ የክፍያ መጠንና የማብቂያ ጊዜ ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ።

ለ. በፕሮግራሙ ያሉትን ቤተሰቦች የትኛው ዓመት ላይ እንደሆኑ ለይታችሁ መዝግቡ። በሦስተኛው ዓመት ያሉት በቅድሚያ ይጎብኙ።

ሐ. በሕመምና በሐዘን ጊዜ እድሩና የምእመናኑ የዕርዳታ ሣጥን ቀድመው ይድረሱ፤ የቤተሰቡ ቁጠባ አይነካ። አንድ ኩንታል በቆሎ ከመስጠት ይልቅ፣ የተቆጠበውን ገንዘብ ከመበላት ማዳን ለዚያ ቤት የሚበልጥ ስጦታ ነው።

መ. መሥራት የማይችል አረጋዊ ወይም በሽተኛ ሳይመዘገብ ቀርቶ እንደሆነ፣ ወደ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ አብራችሁት ሂዱ። ብቻውን ሄዶ የተመለሰ ሰው፣ ሁለተኛ ለመሄድ ድፍረት ያጣል።

2. በጉዳዩ ውስጥ ያለው ቋንቋ

በጋምቤላ ኑዌር፣ አኙዋ፣ መዠንገር፣ ኦፖ፣ ኮሞና ከሌላ ክፍል የመጡ ወገኖች በአንድነት ይኖራሉ። በአማርኛ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለሁሉም እኩል አይነበብም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 የሚነግረን ይህንኑ የመሰለ ችግር ነው። በኢየሩሳሌም ለመበለቶች በየዕለቱ ምግብ ሲታደል፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ መበለቶች ተዘለሉ፤ ማጉረምረምም ሆነ። ሐዋርያት ያጉረመረሙትን ዝም በሉ አላሏቸውም። ሥራውን የሚቆጣጠሩ ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ፤ የተመረጡትም ሁሉ የግሪክ ስም ያላቸው ነበሩ። ቅሬታ ካለበት ወገን ሰው መርጦ ኃላፊነት መስጠት ለእኛም መልካም ምሳሌ ነው። ወደ ቀበሌ የምትልኳቸው ሁለት ሰዎች የአንድ ቋንቋ ተናጋሪዎች ብቻ አይሁኑ።

3. በድንገት የሚመጣ ቅናሽ

ከከተማው ወጥተን ወደ ኩሌ፣ ቴርኪዲ፣ ጀዊና ፑኝዶ የስደተኞች መጠለያዎች ስንሄድ ሌላ ዓይነት ቅናሽ እናገኛለን። በዚያ የሚኖሩት በብዛት ከደቡብ ሱዳን የመጡ ወገኖች ናቸው፤ የሚመገቡትም በየወሩ በሚታደል ራሽን ነው።

በሰኔ ወር 2015 ዓ.ም. የእህል ዕርዳታ ለማይገባቸው እየተላለፈ መሆኑ ስለ ታወቀ፣ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመላው ኢትዮጵያ እደላውን አቋረጡ። ለስደተኞቹ እደላው እንደገና የተጀመረው በመስከረም 2016 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ዝናብ በሚበረታበት ክረምት ሁሉ የተራቡት፣ እህሉን የሸጡት አልነበሩም። በ2017 ዓ.ም. ያ የአሜሪካ ድርጅት ራሱ ተዘጋ። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ገንዘብ በማነሱ ምክንያት፣ በኢትዮጵያ ባሉ 27 መጠለያዎች ለሚኖሩ 780 ሺህ ስደተኞች ራሽኑን ከ60 በመቶ ወደ 40 በመቶ ዝቅ አደረገ። ይህም ለአንድ ሰው በቀን ከ1000 ካሎሪ በታች ነው፤ ሙሉው ራሽን የሚለካው በ2100 ካሎሪ ነበር። ከዚሁም ላይ ለወፍጮ፣ ለጨውና ለሳሙና ሲባል ጥቂቱ ይሸጣል፤ በድስቱ ውስጥ የሚገባው እንግዲህ ከዚያም ያንሳል።

እንዲህ ያለውን ጉድለት አንድ ማኅበረ ምእመናን ሊሞላው አይችልም፤ እሞላለሁ ብሎ ቃል መግባትም አይገባውም። ሊያደርግ የሚችለው ግን አለ። ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ጧሪ የሌላቸው አረጋውያን የት እንዳሉ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። የከሳ ሕፃን ሲታይ ቀን ሳይጨመር ክንዱ እንዲለካ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይቻላል። ስለ እደላው የሚነዛውን ወሬ ከእውነተኛው ማስታወቂያ መለየትም ይቻላል፤ ተስፋ የሰጠ ወሬ ቤተሰቡ ያለውን ቶሎ እንዲጨርስ ያደርጋልና። ከዚህም ጋር የከተማው ድኻና የመጠለያው ድኻ፣ አንዱ የሌላውን ድርሻ እንደወሰደበት እንዳያስብ ሁለቱንም እውነቱን ልንነግራቸው ይገባል።

ለመወያየት

1ኛ. በመካከላችን በሴፍቲኔት የታቀፉ ስንት ቤተሰቦች አሉ? ከእነርሱስ በመጨረሻው ዓመት ላይ ያሉት የትኞቹ ናቸው?

2ኛ. ባለፈው ዓመት የእነዚህን ቤተሰቦች ቁጠባ ያስበላው ምን ነበር? እኛስ ልንሸፍነው እንችል ነበርን?

3ኛ. በአካባቢያችን ማስታወቂያ በየትኛው ቋንቋ ይነገራል? ሳይሰሙ የሚቀሩት እነማን ናቸው?

4ኛ. ራሽኑ በሚመጣው ወር እንደገና ቢቀነስ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የማንን በር እናንኳኳለን? ስማቸውን ዛሬውኑ በወረቀት እንጻፍ።