ከእርሳስ ነፃ ሶልደር በትርፍ ጊዜ የኤሌክትሮኒክስ ሥራ፦ የጤናና የብየዳ ጥራት ጥያቄ

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ለግል ፕሮጀክትና ለጥገና ሥራ ከእርሳስ ነፃ ሶልደርን መምረጥ የሚያስገኘውን ጥቅምና የሚጠይቀውን የአሠራር ለውጥ ይመረምራል። እርሳስን ማስወገድ በእጅና በአቧራ በኩል የሚመጣውን ጉዳት እንጂ የብየዳ ጢስን ጉዳት እንደማያስቀር ያሳያል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሶልደር፣ እርሳስ፣ ቅይጥ ብረት፣ ፍለክስ

1. መግቢያ

የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ለረጅም ዘመን በቲንና በእርሳስ ቅይጥ ላይ የተመሠረተ ነበር። 63 በመቶ ቲንና 37 በመቶ እርሳስ የያዘው ቅይጥ በ183 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ጊዜ ስለሚቀልጥና ስለሚጠጥር ለጀማሪም የተመቸ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2006 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለው ሮሃስ የተባለው መመሪያ፣ ለገበያ በሚቀርቡ አብዛኞቹ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች የእርሳስ መጠን በእያንዳንዱ ወጥ ቁስ ከክብደቱ 0.1 በመቶ እንዳይበልጥ ገደበ። ገደቡ ግን በቤቱ ለራሱ የሚሠራውን ሰው አይመለከትም፤ ምርጫው ለሠሪው የተተወ ነው።

2. ጉዳቱ በየት በኩል ይመጣል?

ብዙዎች የሚፈሩት ከመበየጃው የሚነሣውን ጢስ ነው። እርሳስ የሚፈላው በ1749 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ፣ በ350 ዲግሪ አካባቢ በሚሠራ መበየጃ ላይ የሚተነው መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። የሚታየው ጢስ የፍለክሱ ነው። ከጥድ ሙጫ የሚዘጋጅ ፍለክስ ጢስ ለአስም ምክንያት እንደሚሆን የታወቀ ሲሆን፣ ከእርሳስ ነፃ የሆነው ሶልደርም ከዚህ አያመልጥም፤ ሙቀቱ ከፍ ስለሚል ጢሱ ሊበረታም ይችላል።

በዚህ ሥራ እርሳስ ወደ ሰውነት የሚገባበት ዋናው መንገድ አፍ ነው። ሽቦውን የያዘው ጣት፣ ጠረጴዛው ላይ የቀረው ፍንጣሪና ከመበየጃው ጫፍ የተጠረገው ዝቃጭ ሁሉ ተሸካሚዎች ናቸው። በእጅ መመገብ በተለመደበት፣ የመኖሪያ ክፍልም የሥራ ክፍል በሚሆንበት ቤት ይህ መንገድ አጭር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጉዳት የለሽ ተብሎ የሚታወቅ የእርሳስ ተጋላጭነት መጠን እንደሌለ ይገልጻል፤ በይበልጥ የሚጎዱትም አእምሯቸው በማደግ ላይ ያለ ሕፃናት ናቸው።

3. የአሠራር ለውጥ

በስፋት የሚሠራበት አማራጭ 96.5 በመቶ ቲን፣ 3 በመቶ ብርና 0.5 በመቶ መዳብ የያዘው ቅይጥ ሲሆን ከ217 እስከ 220 ዲግሪ ባለው ሙቀት ይቀልጣል። ብር የሌለውና 0.7 በመቶ መዳብ የያዘው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ የሚቀልጠው ግን በ227 ዲግሪ ነው። ሁለቱም በመዳብ ገጽ ላይ የሚዘረጉት ከቀድሞው ቅይጥ በዝግታ ነው።

ለዚህ ችግር የመበየጃውን ሙቀት ያለ ልክ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ፍለክሱን ያቃጥላል፣ ጫፉን ያዝጋል፣ የመዳቡንም ንጣፍ ከሰሌዳው ያላቅቃል። የሚሻለው ሙቀቱን የሚቆጣጠር መበየጃ ከሰፋ ያለ ጫፍ ጋር መጠቀም፣ ተጨማሪ ፍለክስ መቀባትና ጫፉን ሁልጊዜ በሶልደር ሸፍኖ ማቆየት ነው።

የፍተሻ መስፈርቱም ይለወጣል። በቀድሞው ቅይጥ ደብዛዛ ገጽ የደካማ ብየዳ ምልክት ነበር፤ በአዲሱ ግን ጤናማ ብየዳም ደብዝዞ ሊታይ ይችላል። ስለዚህ መታየት ያለበት ሶልደሩ የዕቃውን እግርና ንጣፉን አቅፎ በቀጭን ጠርዝ መዘርጋቱ ነው።

4. ቅይጦችን የመደባለቅ አደጋ

ለሙቀት ስስ ለሆኑ ዕቃዎች የሚመረጠው 42 በመቶ ቲንና 58 በመቶ ቢስመዝ የያዘው ቅይጥ በ138 ዲግሪ ይቀልጣል። ይሁን እንጂ እርሳስ ባለበት አሮጌ ሰሌዳ ላይ ሲውል፣ ሦስቱ ብረቶች ተዋህደው በ96 ዲግሪ ገደማ የሚቀልጥ ክፍል ሊፈጥሩ ይችላሉ። ኃይል የሚሸከም ዕቃ በሥራ ላይ እያለ እዚህ ሙቀት ሊደርስ ስለሚችል፣ ብየዳው ተጠግኖ በወጣ ማግሥት ሊከዳ ይችላል። በመሆኑም ከጥገና በፊት የነባሩን ሶልደር ዓይነት ማጣራት፣ ካልታወቀም ጠርጎ ማንሣት ያስፈልጋል።

5. ማጠቃለያ

ለአዲስ ሥራ፣ በተለይም ብዙ ተማሪዎች በሚጋሩት ቤተ ሙከራና ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ከእርሳስ ነፃ ሶልደር ተመራጭ ነው። በእርሳስ የተበየደ አሮጌ ዕቃ በዚያው ቅይጥ ቢጠገን ተገቢ ሲሆን፣ መበየጃ ጫፉና የጽዳት ዕቃው ለብቻው ይሁን፤ ፍርፋሪውም ከቤት ቆሻሻ ጋር አይጣል። በሁለቱም አሠራር ጢሱን ከፊት የሚያርቅ አየር ማስወጫና ከሥራ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ ግዴታ ናቸው።