ከመርሳ ጅዳ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ከመርሳና ከመላው ሀብሩ ለሥራም ለዑምራም ወደ ጅዳ የሚሄደው ብዙ ነው። ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲጠየቅ ሁሉም «ሁለት ሰዓት ምናምን» ይላል። እሱ ግን ከቦሌ ወዲያ ያለው ብቻ ነው። ከቤትዎ ደጃፍ ጀምሮ ለማስላት ትኬቱን፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይያዙ።

መጀመሪያ የአየሩን ርቀት ያውጡ። ቦሌ በ8.98፣ የጅዳው ንጉሥ አብዱልአዚዝ አውሮፕላን ማረፊያ በ21.68 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ ላይ ናቸው። በኬንትሮስ ብዙም ስለማይራራቁ ልዩነቱን 12.7ን በ111 ኪሎ ሜትር ማባዛት ይበቃል፤ 1,410 ገደማ ይመጣል። ለዱባይ ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ ወደ ምሥራቅ ስለምትርቅ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚገርመው፣ መርሳና ጅዳ በቀጥታ ቢለኩ 1,100 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው። መንገደኛው ግን ጀርባውን ለጅዳ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ይወርድና በአየር ይመለሳል።

ርቀቱን በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ሂሳብ ያካፍሉና ለመነሻና ለማረፊያ ግማሽ ሰዓት ይጨምሩ። ጅዳ 2 ሰዓት ከሩብ፣ ዱባይ ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ይሆናል። ትኬት ላይ መነሻውም መድረሻውም የሚጻፈው በየአገሩ ሰዓት ነው። ሳዑዲ ከእኛ ጋር እኩል ናት፤ ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድመናለች።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 02:30» ካለ ሰኞ ማታ፣ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በፈረንጆቹ ቀኑ የሚለወጠው እኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በምንለው ላይ ነዋ! ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ጥሎት ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። ሰዓቱን ወደ እኛ ለመመለስ ከ00:00 እስከ 06:59 ላለው 6 ይደምሩ፤ ከ07:00 እስከ 18:59 ላለው 6 ይቀንሱ፤ ከዚያ በኋላ ላለው 18 ይቀንሱ። ወሩና ቀኑም የፈረንጅ ስለሆነ ካላንደር አይለይዎት።

አሁን ወደ ኋላ ይቁጠሩ። ለውጭ በረራ 3 ሰዓት ቀድመው ይገኙ፤ ስለዚህ ሰኞ ማታ 5 ሰዓት ተኩል ቦሌ ነዎት። ለአዲስ አበባ መንገድ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይያዙ። ከመርሳ መነኻሪያ በውርጌሳ፣ በውጫሌ፣ በሐይቅ፣ በደሴና በደብረ ሲና አድርጎ አዲስ አበባ 490 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ይወስዳል። እንግዲህ የሚነሱት እሑድ ንጋት ነው። ሰኞ ጠዋት ተነስቶ «እደርሳለሁ» ማለት ቁማር ነው፤ ጣርማ በር ላይ ጉም ከወረደ ወይም ጎማ ከፈነዳ ትኬቱ ተቃጠለ። ከወልድያ የሚነሱ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨምሩ።

ከኮምቦልቻ በረራ ካለ ከደሴ ወዲያ ያለው ድካም ይቀራል፤ አየሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ትኬቱን ግን ከጅዳው ጋር አያይዘው ይቁረጡ፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው እንዳያመልጥዎ። የላሊበላው ማረፊያ ለወልድያ ሰው ቅርብ ቢመስልም በድልብና በጋሸና ያለው ዳገት ጊዜ ይበላል።

በመጨረሻ ጅዳ ላለው ተቀባይ ይደውሉ። በምሳሌያችን የሚያርፉት 04:45 ነው። «10 ሰዓት ከ45» ብለው አይንገሩት፤ ስልኩ ላይ የሚያየውን ቁጥር ይንገሩት። ለፓስፖርትና ለሻንጣ ሰልፍም አንድ ሰዓት ያህል ይጠብቅ።