የጃቲሉዊ መንደርና የውሃ ማኅበሯ

በኢንዶኔዢያ፣ ባሊ በምትባለው ደሴት፣ በታባናን አውራጃ፣ ጃቲሉዊ የተባለች አነስተኛ የገጠር መንደር ትገኛለች። ያለችው 2,276 ሜትር ከፍታ ባለው በባቱካሩ ተራራ ግርጌ ሲሆን፣ የእርሷ ከፍታ 700 ሜትር ያህል ነው። ከበላይዋ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ በደኑም ውስጥ የባሊ ሂንዱዎች የሚያከብሩት ጥንታዊ የባቱካሩ ቤተ መቅደስ አለ። ከመንደሪቱ ቁልቁል ደግሞ በእጅ የተሠራ የሩዝ እርከን የኮረብታውን መታጠፍ እየተከተለ እስከ ሸለቆው ድረስ ይወርዳል። ነዋሪዎቿ ሩዝ አምራቾች ናቸው፤ በተለይም ለመድረስ ከአምስት እስከ ስድስት ወር የሚፈጀው ነባሩ ቀይ ሩዝ ይታወቁበታል።

ስለዚህች ሩቅ መንደር ለሰበካ ጉባኤያትና ለልማት ኮሚቴዎች ጥናት ማቅረብ የወደድነው ስለ ውበቷ አይደለም። ምንጩ ሲሳሳ ማን ቀድሞ ያጠጣል? የሚለው ጥያቄ የመስኖ ቦይ ባለበት ሁሉ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያጣላ ነው። የባሊ ገበሬዎች ለዚህ ጥያቄ ያገኙት መልስ ብዙ ዘመን ያስቆጠረ ከመሆኑም በላይ፣ በቅርብ ጊዜ በብርቱ የተፈተነ ነውና ልንመረምረው ይገባናል።

መልሱ ሱባክ ይባላል። ሱባክ ከአንድ የውሃ መጥለፊያ የሚጠቀሙ ገበሬዎች ማኅበር ነው። በ11ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፉ የነገሥታት ድንጋጌዎች ሳይቀሩ ያነሡታል። በደሴቲቱ 1,200 ያህል ሱባኮች ሲኖሩ፣ በአንዱ ውስጥ ከ50 እስከ 400 የሚደርሱ ገበሬዎች ይታቀፋሉ። የራሱን መሬት የሚያርሰውም ሆነ የሌላውን በእኩል የሚያርሰው አባል ይሆናል። አባላቱ ፐካሴህ የተባለ አለቃ ይመርጣሉ፤ እኛ ብንሆን የውሃ አባት እንለው ነበር። መተዳደሪያ ደንቡ የቦይ ጠረጋን ቀን፣ የመዋጮውን ልክና ውሃ የሰረቀ የሚከፍለውን መቀጮ ይወስናል።

የውሃው አከፋፈል ለዓይን የሚታይ ነው። በቦዩ ላይ እንደ መድረክ በተጋደመ እንጨት ወይም ድንጋይ ላይ በተለያየ ስፋት የተቀረጹ ጎድጓዳ መተላለፊያዎች አሉ፤ የመተላለፊያው ስፋት የባለድርሻውን መጠን ይለካል። ወንዙ ሲሞላ ሁሉም ይበዛለታል፤ ሲጎድልም በዚያው መጠን ሁሉም ይጎድልበታል። ብዙ ድርሻ ያለው ለጥገናው ብዙ ጉልበት ያወጣል። ይህን ሥርዓት መንገደኛ እንኳ ቆሞ ሊመረምረው ስለሚችል፣ ብዙ ክርክር ገና ሳይጀመር ይቀራል ብለን እናምናለን።

ይሁን እንጂ መለኪያው ብቻውን ነገሩን አይፈታውም። ከራስጌ ያለ ገበሬ ቦዩን ዘግቶ ውሃውን ሁሉ ለራሱ ማድረግ ይቻለዋል፤ ከግርጌ ያለው ግን ወደ እርሱ ወጥቶ ከመለመን በቀር አማራጭ የለውም። ታዲያ የራስጌው ሰው ለምን ያካፍላል? ደግነት ብቻ ነው ማለት አይበቃም። ምክንያቱ ተባይ ነው። የሩዝን ግንድ እየመጠጡ የሚያደርቁ ነፍሳትና አይጦች ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይሻገራሉ። በሸለቆው ያለው ሩዝ በአንድ ጊዜ ተዘርቶ በአንድ ጊዜ ከታጨደ፣ መሬቱም በአንድነት ጦም ካደረ፣ ተባዩ የሚበላው አጥቶ ይመናመናል። ገበሬዎቹ በታጨደው ማሳ ላይ የዳክዬ መንጋ ይነዳሉ፤ ዳክዬዎቹም የረገፈውን እህልና የቀረውን ነፍሳት ይለቅማሉ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ይዘራ ዘንድ ግን የግርጌው ሰው ውሃ ማግኘት አለበት። ውሃ ከተከለከለና ዘግይቶ ከዘራ፣ በእርሱ ማሳ የተራባው ተባይ ሽቅብ ወጥቶ የከለከለውን ሰው ሰብል ይበላል። የግርጌው ገበሬ የራስጌውን ውሃ የሚፈልገውን ያህል፣ የራስጌውም የግርጌውን የዘር ጊዜ ይፈልጋል ማለት ነው።

ማን በየትኛው ሳምንት ውሃ እንደሚለቅ፣ መቼ እንደሚዘራና መሬቱ መቼ ጦም እንደሚያድር የሚወሰነው በውሃ ቤተ መቅደሶች በሚደረግ ስብሰባ ነው። በመጥለፊያው ራስ፣ በማሳው ራስ፣ ከዚያም በላይ በሐይቆቹ ዳር ቤተ መቅደሶች አሉ። ከአንድ ወንዝ የሚጠጡ ብዙ ሱባኮች የሚገናኙት በእነዚህ ነው። የበዓላቱ ቀመር የእርሻውም ቀመር ሆኖ ያገለግላል።

የውጭ ባለሙያዎች ያላስተዋሉት ይህንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የኢንዶኔዢያ መንግሥት አገሪቱን በሩዝ ራሷን ለማስቻል ቶሎ የሚደርስ አዲስ ዘር ከማዳበሪያና ከፀረ ተባይ ጋር አሠራጨ። ገበሬው የቤተ መቅደሱን ቀን ሳይጠብቅ በተቻለው ፍጥነት ደጋግሞ እንዲዘራ ታዘዘ። ዓላማው መልካም ነበር፤ በመጀመሪያም ምርቱ ጨመረ። ብዙም ሳይቆይ ግን የውሃው ተራ ተፋለሰ፣ ጦም የሚያድር መሬት ጠፋ፣ ተባዩም በረከተ። አንዱን ተባይ የሚቋቋም ዘር ሲመጣ ሌላ የቫይረስ በሽታ ተከተለ። እ.ኤ.አ. በ1979 በእስያ ልማት ባንክ ድጋፍ ግድቦችንና ቦዮችን የሚያድስ ፕሮጀክት ተጀመረ። ገበሬዎቹ ወደ ቀድሞው የዘር ቀን እንመለስ ቢሉም፣ ጥያቄያቸው ለወግ ከመቆርቆር የመጣ ተደርጎ ታለፈ። ባንኩ ራሱ ነባሩ ሥርዓት የነበረውን ጥቅም የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጣው ግምገማ ነው። በመላ አገሪቱም መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1986 ለሩዝ ይውሉ የነበሩ 57 ዓይነት ፀረ ተባይ መድኃኒቶችን አግዷል።

አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል ተመራማሪ ስቲቨን ላንሲንግና የሥነ ምኅዳር ባለሙያው ጀምስ ክሬመር ነገሩን በኮምፒዩተር ፈትነውታል። ከጃቲሉዊ ራቅ ብለው በሚገኙ ሁለት ወንዞች ላይ ያሉትን 172 ሱባኮች በቀመር አስገብተው፣ እያንዳንዱ ለብቻው ቢዘራ፣ ሁሉም በአንድ ቀን ቢዘሩ፣ ወይም በቤተ መቅደሶቹ ስብስብ ልክ ቢዘሩ ምን እንደሚሆን አሰሉ። ሁሉም ለየብቻ ቢዘሩ ተባይ ይበዛል፤ ሁሉም በአንድ ቀን ቢዘሩ ውሃው አይበቃም፤ የተሻለውን ምርት የሰጠው የቤተ መቅደሶቹን ስብስብ የተከተለው ነበር።

ኮሚቴዎቻችን ይህን ሲያጠኑ በአጥቢያቸው ያለውን የውሃ ተራ፣ ተራውን የሚያስከብሩትን አባቶችና ደንቡ የማይጠቅም መስሎ የሚታይበትን ቦታ አስቀድመው በጽሑፍ ቢያሰፍሩ መልካም ነው። የሲሚንቶው ሒሳብ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ጃቲሉዊን ጨምሮ የባሊ የሱባክ መልክዐ ምድር እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መንደሪቱም እ.ኤ.አ. በ2024 በተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ተብላለች። ጎብኚዎች የመግቢያ ዋጋ እየከፈሉ በማሳው ዳር ይመላለሳሉ፤ ምግብ ቤቶችም ተከፍተዋል። ገንዘቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በደሴቲቱ ደቡብ የሩዝ ማሳ ለሆቴልና ለመኖሪያ ቤት እየተሸጠ ነው፣ ወጣቶችም ከጭቃው ይልቅ የሆቴሉን ደመወዝ ይመርጣሉ። ውሃ ለማካፈል የወጣ ደንብ መሬቱን መሸጥ የፈለገን ባለይዞታ ለማስቆም አቅሙ ውስን ነው። በእርከኑ መካከል ያለ አንድ ማሳ ሕንፃ ሲበቅልበት ደግሞ የሚቀረው የዚያ ማሳ ሩዝ ብቻ አይደለም። ቦዩ በዚያ በኩል ያልፍ ነበርና፣ ከበታቹ ያሉት ገበሬዎች ሌላ መንገድ ካልቆፈሩለት በቀር ውሃው አይደርሳቸውም።